ከአልጋ ሥር የደረቀው ፍሬ

ናዝሬት ውስጥ ስለ ኒም ዛፍ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ዝም ብዬ አልፋለሁ። ቅጠሉ ተባይ ያባርራል፣ ፍሬው ከፋብሪካ መድኃኒት ይሻላል ይባልና ወዲያው "ለሰፈራችን ያስተማረችው እኮ እሷ ናት" ይከተላል። እሷ የሚሏት የባለቤቴን ታላቅ እህት ነው። ከሞተች ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ለቅሶዋ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ይህንኑ ሲናገር፣ አፌ ያደረስኩትን ንፍሮ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ብናገር ሙት ወቃሽ እባል ነበር። አሁን ግን ደክሞኛል፤ ዝም ማለቱም ራሱ ያደክማል። የሆነውን እንደሆነ እጽፈዋለሁ። ስም አልጠራም፤ የነበሩ ያውቁታል።

ፊት ለፊት "እትዬ" እያልኩ በአንቱታ ነበር የማናግራት። እትዬ መባሏን እዚህም አልነፍጋትም፤ አንቱታውን ግን ትቼዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከግቢያችን ዛፍ ነው። ከባለቤቴ ጋር ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ የአንድ የወሎ ሰው ነበር። በወጣትነታቸው ፖርት ሱዳን ወርደው ዓመታት የሠሩ፣ ሲመለሱም የዛፍ ዘር በመሐረብ ቋጥረው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ትርፍ ቤት ሲወረስ ግቢው የቀበሌ ሆነ። እሳቸው በገዛ ግቢያቸው ከኋላ ባለች አንዲት ክፍል ቀሩ፤ እኔም ኪራዬን ለቀበሌ መክፈል ጀመርኩ። ዛፉን ግን ማንም አልመዘገበውም። አንድ ቀን ቀና ብለው እያዩት፣ "ይኼን የተዉልኝ መራራ ስለሆነ ነው" አሉኝ። ከዚያ በቀር ስለ ተወሰደባቸው ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ሾፌር ነበር። ለጦሩ ስንቅ ጭኖ ወደ ሰሜን ሄደ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፣ ከዚያ በመካከሉ ያለው ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ስለ እሱ እዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

የምበላው ከሴቶች ማኅበሩ የአትክልት ቦታ ነበር። ቦታው በአሰላ መንገድ፣ አዋሽ ሳይደረስ፣ ከወንዙ በተጠለፈ ቦይ ዳር ነው። ለእያንዳንዳችን መደብ ተሰጥቶን ነበር። ማለዳ በጋሪ እንሄዳለን፤ ጋሪ ሲጠፋ በእግራችን። የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ነበረች። ውኃው የሚደርስበትን ተራ የምታወጣው እሷ ናት፤ የእኔ ተራ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይወጣ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ቲማቲሜን ትል በላው። ከውጭ ቀይና ያማረ ነው፤ ሲከፈት ውስጡ ትል ተጋድሟል። መድኃኒት ለመጠየቅ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተመላለስኩ። የውጭ ምንዛሪ የለም ይላሉ፣ ሲመጣ እንጠራችኋለን ይላሉ። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ የተበላውን ካልተበላው ስለይ ሽማግሌው አዩኝና አጠገቤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

"ልጄ፣ መድኃኒቱ ከራስሽ በላይ ተንጠልጥሎ እያለ ምን ያንከራትትሻል?"

"የቱ ነው አባባ?"

በከዘራቸው ወደ ዛፉ ጠቆሙ። ፍሬው ቢጫ ሆኖ ሲወድቅ እንድለቅም፣ ሥጋውን አጥቤ ዘሩን እንዳደርቅ ነገሩኝ። "ግን ፀሐይ እንዳያየው" አሉኝ።

"ፀሐይ ሳያየው እንዴት ይደርቃል?"

"በርበሬ አይደለም። ፀሐይ ጉልበቱን ይበላዋል። ካልጋሽ ሥር ጆንያ አንጥፈሽ በትኚው። አንቺ ከላይ ትተኚያለሽ፣ እሱ ከታች ይደርቃል።"

"ይሸታል እኮ ይኼ።"

"ይሸታል። ወላሂ በጣም ይሸታል። ትሉም የሚሸሸው እሱን ነው።"

እንዳሉኝ አደረግሁ። የደረቀውን ዘር ፈልፍዬ በሙቀጫ ወቅጬ ማለዳ ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ አመሻሹ ላይ በአሮጌ ነጠላ አጠልለዋለሁ። ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ ሳሙና ይጨመርበታል። ሳሙና ደግሞ ያኔ ከኅብረት ሱቅ በኩፖን ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሳሙናዬን ለቲማቲም ሰጥቼ ልብሴን ከደራ የሚወርዱ ሴቶች በሚሸጡት እንዶድ አጠብኩ። በኋላ እንዶዱም ራሱ አረፋ አለው ብዬ ከኒሙ ጋር ደባለቅሁት፤ ሠራልኝ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። የራሴ ነው የምለው ነገር ቢኖር ይኸው አንዱ ነው። የሚረጨው ፀሐይ ስትበርድ ነው፤ መርጫ ስላልነበረኝ በቅጠል እስር እያጠቀስኩ እረጭ ነበር።

ትሉ ፈጽሞ ጠፋ አልልም። ማጋነን አልወድም። ቅጠሉን የሚመጥጠው ክሽክሽ ግን ለቀቀ፣ ቲማቲሙም ከሚጣለው የሚሸጠው በለጠ። ያም ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

እትዬ በዚያ ሰሞን ቤቴ ስትመጣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ በር ላይ ትቆማለች።

"እዚህ ቤት ምን ሞቶ ነው?"

"የኒም ፍሬ ነው እትዬ።"

"ሰው በሳይንስ ጨረቃ ላይ ይወጣል፣ የወንድሜ ሚስት ካልጋ ሥር ፍሬ ትታቀፋለች። እስቲ ጫጩት ሲፈለፍል ጥሪኝ።"

አብረዋት የመጡት ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነበር የምስቀው።

የሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው ማኅበሩን ሰበሰቡን። ከሞጆ ወዲህ ባለ አንድ የችግኝ ጣቢያ ቋሚ የሥራ ቦታ ተገኝቷል፣ መድኃኒት ከውጭ ስለማይመጣ በአገር በቀል ዘዴ ተባይ መከላከል የምትችል ሴት ትፈለጋለች አሉ። ታኅሣሥ ላይ መደቦቻችንን ዞረው ያያሉ፣ መድኃኒት ሳይነካው ንጹሕ ቲማቲም ያሳየችው ትቀጠራለች። የሥራ ቦታው አንድ ብቻ ነው።

ያን ቦታ ፈለግሁት። በሕይወቴ የፈለግሁት ነገር ብዙ አይደለም፤ ያን ግን ፈለግሁት። ደመወዙ ብቻ አይደለም። ውኃ ተራዬን እትዬ የማታወጣበት ቦታ መሆኑ ነው።

በሳምንቱ የእትዬ ልጅ መጣች። አሥራ ሁለተኛ ጨርሳ ቤት የተቀመጠች፣ ረጋ ያለች ልጅ ነበረች። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቤት የምወዳት እሷን ብቻ ነበር፤ ቦኖ ስወርድ አንዱን ጀሪካን ትቀበለኝ ነበር።

"እቴቴ፣ እናቴ ናት የላከችኝ። የኒሙን ነገር እንድታሳዪኝ ብላለች።"

"ለምን ፈለገችው?"

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። "ለሥራው እኔ እንድወዳደር ነው። አንቺ ባል አለሽ፣ አንቺ አትቸገሪም ብላ ነው።"

ባል አለሽ። ደብዳቤ ካየሁ ዓመት ሊሞላ ነው፣ እህቱ ደግሞ ባል አለሽ ትላለች። ልጅቷን አስቀመጥኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት። ቢጫውን ልቀሚ አልኳት። ሥጋውን እጠቢ አልኳት። አወቃቀጡን፣ አነካከሩን፣ እንዶዱን፣ አመሻሽ ላይ መርጨቱን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። በጥላ አድርቂ አላልኳትም። "አድርቂው" ብቻ አልኩ።

በዚህ አገር አድርቂ የተባለ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ልጅቷም ፍሬውን ሰሌን ላይ ዘርግታ ቆርቆሮ ጣራ ላይ፣ ከእናቷ በርበሬ አጠገብ አሰጣችው። ክረምት ስለነበር ደመና በመጣ ቁጥር እየሮጠች ታስገባዋለች፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ እየሮጠች ታወጣዋለች። ጣራቸው ከአጥሩ በላይ ይታየኛል። እያየሁ ልብሴን አሰጣለሁ።

ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ጣራውን አያዩትም። አንድ ቀን ግን ጠየቁኝ።

"ያቺን ልጅ አስተማርሻት አሉ። ጥላውን ነገርሻት?"

"ነገርኳት አባባ።"

"ጎሽ ልጄ" አሉኝ። በእሳቸው ፊት የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ተከልን። ኅዳር ሲገባ የእኔ መደብ ደህና ነበር፤ የልጅቷ ግን ክሽክሽ ለበሰ፣ ትሉም ገባ። አመሻሽ ላይ ሳትሰለች ትረጫለች። የምትረጨው ውኃ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ቦዩ ዳር ቁጭ ብላ እጇን እያየች አገኘኋት።

"እቴቴ፣ የቀረኝ ነገር ይኖር ይሆን?"

"ትዕግሥት ነው" አልኳት።

ጎብኚዎቹ የሚመጡበት ቀን ማክሰኞ ነበር። በጠዋት ጋሪ ይዤ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። በእኔ መደብ ላይ ለዚያ ቀን ብዬ ሳልለቅም ያቆየኋቸው፣ አንድ ቅርጫት የማይሞሉ ቀያይ ቲማቲሞች ነበሩ። እነሱን አየሁና ወደ ልጅቷ መደብ ዞርኩ። ከባለፈው ሳምንት የተለየ መደብ ነበር። ክሽክሽ የለም። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል። ከአበባው ሥር መሬት ላይ ንቦች ሞተው ተበታትነዋል። በኒም ንብ ሲሞት አይቼ አላውቅም። ሽታውንም አወቅሁት፤ ባለቤቴ ታች ካለው የጥጥ እርሻ ጭኖ ሲመጣ ልብሱ ላይ የሚሸት ሽታ ነው። ለጥጥ የሚረጭ እንጂ ለሚበላ ነገር አይደለም። ያን ሸሚዙን ለብቻው ነበር የማጥብለት።

እትዬ ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኩም። የሚያመላልሱ ሾፌሮችን ታውቃለች።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ። አለቃቸው ካኪ የለበሰ፣ ጥሩ ሳቅ ያለው ሰው ነው። እትዬ ስለ ሴቶች ተሳትፎ ረጅም ንግግር አደረገች፤ ከዚያ ልጇን መደቡ ራስ ላይ አቆመቻትና ልጅቷ የነገርኳትን ሁሉ ቃል በቃል ተናገረች። ደህና አድርጋ ነው የተናገረችው። አለቃው ማስታወሻ ያዘ። ከዚያም፣

"እንግዲህ ወሬ ምን ያደርጋል፣ እንቅመሰው" አለ።

ልጅቷ እናቷን አየች። እትዬ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን "ልቀሚላቸው እንጂ" አለች። ልጅቷ ቀያዮቹን ወደ ቅርጫት ትለቅም ጀመር።

"እርስዎም ይጀምሩልን ጓድ ሊቀመንበር" አላት ሰውየው።

"ጥርሴን አሞኝ ሰነበተ" አለች እትዬ።

የገና ጾም ነው፤ የመፍቻው ሰዓትም አልደረሰም። እትዬ ጓዳዋ ትጾማለች፣ ስብሰባ ላይ አትጾምም፤ ስለዚህ ሌላ ቀን ቢሆን ጾሙን በጥርስ ሸፈነችው እል ነበር። የዚያን ቀን ግን ዓይኗ ቅርጫቱ ላይ ተተክሎ ነበር።

በዚያች ደቂቃ ያሰብኩትን ከዚህ በኋላ አላሳምረውም። መጀመሪያ ያሰብኩት ይብሉት ነው። ይብሉት፣ ይታመሙ፣ የእትዬ ሥራ ይውጣ። ቀጥሎ ያሰብኩት ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ነው። መድኃኒት ተረጨ ተብሎ አይጻፍም፤ ለመንግሥት ሰዎች ቅጠል በጥብጠው አበሏቸው፣ አሻጥር ነው ተብሎ ይጻፋል። ቅጠሉን ማን አስተማረ ይባላል። እኔ እባላለሁ፣ ከእኔ አልፎ የቀድሞ ቤት አከራይ የነበሩ ሽማግሌ ይባላል። በዚያ ዘመን ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ አያስፈልግም ነበር።

"አፈር አለው፣ ታጥቦ ይምጣ" አልኩና ቅርጫቱን ከልጅቷ እጅ ወሰድኩ።

የእኔ መደብ ከቦዩ መታጠፊያ ወዲያ፣ ከሸንበቆው ጀርባ ነው። ልጅቷ እየሮጠች ተከተለችኝ።

"እቴቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ጉድጓዱን አፈር አልብሺው።"

የእሷን ቲማቲም ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። ቅርጫቱን አጥቤ የራሴን ለቀምኩ፤ አንድ ሳላስቀር። ልጅቷ አፈሩን በእጇ ትመልሳለች።

"አንቺስ? የአንቺን መደብ ሲያዩ ምን ትያለሽ?"

"ዝም ብለሽ ያዢ። ስትሰጪያቸው እጅሽ አይንቀጥቀጥ።"

በሉት። በጨው በሉት፣ በቃሪያ በሉት። አለቃው ጭማቂው ካኪው ላይ ፈሶበት ሳቀ። "መድኃኒት ያልነካው ነገር ጣዕሙ ይለያል" አለ። እውነቱን ነው። እትዬ በመጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ እኔም በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁላት። ያኔ እጇን ዘርግታ አንድ ትልቁን አነሣችና በላች። ጥርሷ ዳነ። ለዚህ ነው ቲማቲሙ መቀየሩን አታውቅም ነበር ቢሉኝ የማልሰማው። አውቃ ነው የበላችው።

ከዚያ ሌሎቹን መደቦች ዞሩ፣ የእኔም ደረሰ። ቅጠሉ ንጹሕ ነው፣ አረንጓዴ ፍሬም አለው፤ ቀይ የሚባል ግን የለም።

"የበሰለው ፍሬ የታለ ጓድ?" አለኝ ሰውየው።

"የለም።"

"ማን ለቀመው?"

ልጅቷ ከሰዎቹ ኋላ ቆማለች። እትዬ ከሰውየው ጎን ናት።

"ወፍ" አልኩ።

"የወንድሜ ሚስት መደብ የወፍ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ነው" አለች እትዬ። ሰዎቹ ሳቁ። ሰውየው ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈና አለፈ። ከእሷ ምንም ዓይነት ውለታ አልፈለግሁም፤ ያንን ቀልድ ብትተወው ግን ምን ነበረበት እያልኩ ስንት ዓመት አስቤዋለሁ።

ልጅቷ ጥር ላይ ተቀጠረች። ቤታቸው ድግስ ነበር፤ ሄጄ ሽንኩርት ላጥኩ። እትዬ በዚያው ዓመት የኒሙን ዘዴ በሌሎች ቀበሌዎች እየዞረች ማስተማር ጀመረች፣ እስከ ሁሩታ ሄዳለች ይባላል። ስለ ጥላው ግን ምንም እንደማትል የሰሙ ነግረውኛል፤ ስለማታውቅ ነው። የተማሩት ሴቶች ትንሽ ሞክረው ተዉት፤ ቅጠል ምን ይሠራል ብለው። ሽማግሌው በማግሥቱ ክረምት ዐረፉ። ስለ ጉብኝቱ ቀን አልነገርኳቸውም። ዛፉ ግን ቆሞ ቀረ፤ ያ ብቻ እሳቸው እንዳሰቡት ሆኗል።

ባለቤቴም አልተመለሰም። ይህን ያነሣሁት ባል አለሽ ስለተባልኩ ነው።

ልጅቷን ከዚያ በኋላ ብዙም አላየኋትም። በበዓል ትመጣለች፣ ሰላም ብላኝ ትሄዳለች። አራት ዓመት ያህል ቆይታ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን መጣችና ዕቃ ሳታስቀምጥ በር ላይ ቆመች። በፌስታል ኒም ይዛለች። የእጆቿ ቆዳ ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ ተልጦ ነበር፤ ጠቆር ቀላ ያለ፣ የአሮጊት እጅ ይመስላል። አስገብቼ የቡና ስኒ ስሰጣት በሁለት እጇ ነው የያዘችው፣ እንደዚያም ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"መድኃኒቱ ነው። ኒሙ አልሠራልኝም እኮ እቴቴ። አንድም ቀን። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ሊያልቅ ሲል መድኃኒት ከየትም እያመጣሁ በጓሮ መርጨት ጀመርኩ። በኒም ነው ስለምል ጓንት መጠየቅ አልችልም፣ ሰው ፊትም አልረጭም። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ እንዳትነኪው አለኝ። በኒም ካልሆነልኝ ሥራውን ልተወው ነው።" ፌስታሉን ገለበጠችው። ፍሬው በፀሐይ ብዛት ነጥቷል፣ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። "አይተሽ ንገሪኝ። ምኑን ነው የማጠፋው?"

ፍሬውን በእጄ አገላበጥኩት። ማየት አያስፈልገኝም ነበር። በዚያ ቤት አልጋዬ ሥር ያኔም ጆንያው እንደተነጠፈ ነው፤ ጎንበስ ብትል ታየዋለች። ያኔ ትዕግሥት ነው ማለት እችል ነበር። አንድ ጊዜ ብያታለሁ።

"በፀሐይ አታድርቂው" አልኳት። "በጥላ ነው። ካልጋ ሥር።"

ከዚያ ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና የአልጋውን ልብስ ጫፍ ገልጣ አየች። ፍሬው እዚያ ተበትኗል፣ ቡናማ ሆኖ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

"ያኔም እንዲህ ነበር የምታደርጊው?"

"አዎ።"

"ይኼ ብቻ ነበር የቀረኝ?"

"ይኼ ብቻ።"

ተነሣች። ቡናውን አልጨረሰችውም። ፍሬዋን መሬት ላይ ትታው ባዶውን ፌስታል ብቻ አጣጥፋ ያዘች፤ በር ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"እኔም እናቴ የረጨችውን ሳላውቅ አይደለም የለቀምኩላቸው" አለችኝ። "አንቺ ባትመጪ ኖሮ ይዤላቸው እሄድ ነበር።"

ከዚያ ወጣች። ጣቢያው ውስጥ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሠርታለች፤ ኒሙ ሠራላት ይላሉ። በበዓል ግን መምጣቷን ተወች። እኔም ምክንያቱን ለጠየቀኝ ሁሉ አላውቅም ስል ኖርኩ።

የተወችውን ፍሬ ያኔውኑ ጠርጌ ዛፉ ሥር ደፋሁት።